ከረባቱ ሲነካ

ሰዎች ሽቦ ይሉታል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ነው። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የማይታጠፍ ቦታው የቱ እንደሆነ አይታወቅም፤ ኪሱ ቢፈተሽ ደግሞ ከቁልፉና ከመሀረቡ ቀድሞ የሚገኘው የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት። ልጅ ሳለ የቤቱን ሬዲዮ ፈታትቶ መልሶ ሲገጥመው አንድ ሽቦ እጁ ላይ ተረፈ። ሬዲዮው ግን ጭራሽ ከበፊቱ አጥርቶ ማውራት ጀመረ። «እንግዲህ ትርፉ ሽቦ አንተ ነህ» አለችው፤ በዚያው ቀረ።

እናትና አባታቸው በጊዜ ስለሞቱ ያሳደገችው እሷው ናት። እሱ «እታለም» ይላታል። እሷ ሲደላት «ሽቦዬ»፣ ሲከፋት «አንተ ሰውዬ» ትለዋለች። ሁለቱም ትዳር ሳይዙ ዕድሜያቸው ገፋ፤ እሷ «ልጅ አልወለድኩም እንዳልል አንተ አለህ፣ ወለድኩ እንዳልል ደግሞ ሽበት አውጥተሃል» እያለች ትስቅበታለች። ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስትተኩስ ትውላለች፤ እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ቆማ ትዘምራለች። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ብቻውን ሲሰማ ልብ የሚለው የለም፤ ከመሃል ሲጎድል ግን መዝሙሩ ወለል እንደሌለው ቤት ይሆናል።

ሽቦ ሬዲዮና የድምፅ ማጉያ ጠጋኝ ነው። ሱቁ በፎቶ ኮፒ ቤትና በጫማ መሸጫ መካከል የተሰነቀረች ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ተራ ይጠብቃል። እሑድ ግን እሱም እንደ እህቱ አገልጋይ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ የድምፅ ባለሙያ። ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ከፍ ብላ በመስታወት የታጠረች ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ተቀምጦ፣ በፊቱ የተደረደሩትን ቁልፎች ወደ ላይና ወደ ታች እያንሸራተተ የማን ድምፅ ምን ያህል እንደሚሰማ ይወስናል። ከመድረኩ ወዲህ፣ ከዚያች ክፍል የሚታየው የሰው ማጅራት ብቻ ነው። ስለዚህ ምእመናኑን የሚያውቃቸው በማጅራታቸው ነበር። ጠባሳ ያለበትን፣ ሁለት እጥፍ የሆነውን፣ ዘወትር ሳይላጭ የሚመጣውን ሁሉ ለይቶ ያውቃል፤ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ሰላም ሲሉት ግን ግራ ይገባውና ካለፉ በኋላ ዞሮ ማጅራታቸውን አይቶ «ለካ እሳቸው ናቸው» ይላል።

እዚያ ያመጡት መጋቢው ናቸው። መጋቢው እንኳን ሰው ድንጋይ የሚያስለቅስ አንደበት ያላቸው፣ የመጀመሪያ ቀን የሰሙትን ስም ከዓመት በኋላ የማይረሱ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ሱቁ ድረስ መጥተው፣ ጠባቧ በር ላይ ጎንበስ ብለው «ጆሮህ ስጦታ ነው፣ ለምን እዚህ ይሻግታል?» አሉት። ሽቦን እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። ያን ቀን ሱቁን ዘግቶ እየሮጠ ለእታለም ነገራት። «ጆሮህ ስጦታ ከሆነማ ስጠራህ ለምን አትሰማም?» አለችው፤ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

የከረባቱ ነገር የተጀመረው በሳቅ ነው። አንድ ሽማግሌ በምስክርነት ሰዓት ስለ ጉልበታቸው መፈወስ መመስከር ጀመሩ፤ ከቀኙ ጉልበት ወደ ግራው ሲሻገሩ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ከጉባኤው በኋላ መጋቢው ሽቦን ትከሻውን ይዘው «ወንድሜ፣ የከረባቴን ቋጠሮ ስነካ ማይኩን ቀስ አድርገህ ዝቅ አድርገው፤ ሰውም አይቀየም፣ ወጡም አያርር» አሉት። በሚቀጥለው ጊዜ ሽማግሌው ወደ ግራው ጉልበት ሲሻገሩ መጋቢው ቋጠሯቸውን ነኩ፣ ሽቦ ዝቅ አደረገ፣ ሰው ሳቀ፣ ሽማግሌውም ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ግን ማን እንደሳቀ አይታወስም። ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ ለምን ከኃላፊነታቸው እንደተነሡ የጠየቀ ጎልማሳ ነበረ፤ ቋጠሮው ተነካ። መዘምራኑን ትመራ የነበረች ሴት ድንገት ከቦታዋ ስትነሣ «ልሰናበታችሁ» ብላ ማይክ ያዘች፤ ቋጠሮው ተነካ። ማይኩ በየጊዜው ይታመም ጀመር። ከምእመናኑ አንዱ ቀልደኛ «የእኛ ቤት ማይክ ትሑት ነው፤ ጥያቄ ሲሰማ አንገቱን ይደፋል» አለ፤ እሱም ቆይቶ ከዚያ ቤት ታጣ። ነቀፌታው የሚያርፈው ደግሞ በሽቦ ላይ ነበር። «አንተ፣ ያንን ማይክ አታስታምመውም እንዴ?» ይሉታል። እሱ ምላሱን ይውጣል። እኔ እጅ ነኝ፣ እያለ ራሱን ያጽናናል፤ እጅ ምን አባቱ ያውቃል።

እሑድ ከጉባኤ በኋላ ምሳ እታለም ቤት ነው። ሳህኑን እያቀረበች ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ «ዛሬ እንዴት ነበርኩ?»

«ሁለተኛው መዝሙር ላይ ማይኩን ልትውጪው ነበር።»

«ታዲያ ሳልውጠው አታስጥለውም?»

«አስጥያለሁ እኮ። ለዚህ ነው በሕይወት ያለው።»

የሽቦ ሳምንት የሚጀምረውም የሚያልቀውም በዚህች ጨዋታ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው አንዲት ነርስ ልትናገር የተነሣች ዕለት ነው። ነርሷ ባሏ አልጋ የያዘባት፣ ዝምተኛ ሴት ናት። በዚያ ቤት ሰው ተቀጣ አይባልም፤ «ዕረፍት ላይ ነው» ይባላል። ዕረፍት ላይ ያለን ሰው ማንም ሰላም አይለውም፣ አይደውልለትም፣ ቤቱ አይሄድም፤ ጉባኤ ፊት ቆሞ «አምፄ ነበር» እስኪል ድረስ። ባሏ ዕረፍት ላይ ነበር። ማይኩን ተቀብላ ግን ወደ መድረኩ አልዞረችም። ወደ ኋላ ዞረችና ወደ መስታወቷ ክፍል ቀና ብላ አየች። «ማይኩ ሳይታመም ቶሎ ልናገር» አለች።

ሽቦ ከዚያ ክፍል ሆኖ የምእመን ፊት ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ዓይኗ ሥር የእንቅልፍ እጦት ጠቁሯል።

«ባለቤቴ አልጋ ከያዘ ሰነበተ። ደጃችንን የረገጠ የለም። ለመሆኑ የታመመ ሰው አይጠየቅም የሚለውን ከየትኛው ምዕራፍ ነው ያገኛችሁት? ገጹን ብቻ ንገሩኝ፤ ቤቴ ሄጄ አነበዋለሁ።»

መጋቢው ቋጠሯቸውን ነኩ። እንደገና ነኩ። የሽቦ ጣት ቁልፉ ላይ ነው፤ ጣቱ አልንቀሳቀስ አለ። ነርሷ የጀመረችውን እስከ መጨረሻው ተናገረች፤ እያንዳንዱ ቃል እስከ በሩ ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ። ከዚያ መጋቢው በለስላሳ ድምፅ «እህታችን ደክማለች፤ እንጸልይላት» አሉ፤ ማጅራቱ ሁሉ አቀረቀረ።

ማግስቱን ቢሮ ተጠራ።

«ልጄ፣ እጅህን አሞህ ነበር?»

«አላመመኝም፣ መጋቢ።»

«ዓይንህንስ?»

«ደህና ነኝ።»

«ከረባቴን ስነካ አይተኸኛል ማለት ነው።»

«አይቻለሁ።»

መጋቢው ፈገግ አሉ። ቁጣቸው ከፈገግታቸው አይለይም። «እኔን አላስቀየምከኝም፤ እኔ ማነኝ? የተነካው እግዚአብሔር የቀባው ነው። ከዚያች ጨለማ ሱቅ ያወጣህ ማነው?»

«እርስዎ።»

«ታዲያ ጆሮህን የሰጠሁህ እኔ ነኝ ብል አጋነንኩ?»

ሽቦ ጆሮውን የሰጠችው እናቱ እንደሆነች ያውቃል፤ ግን ይህ ለዚያ ክፍል የሚሆን ቀልድ አልነበረም። «ሴትዮዋ የጠየቀችው እኮ…» ብሎ ጀመረ።

«እኔ ስለ ሴትዮዋ አላወራሁም። ስለ አንተ ነው የማወራው። ትንሽ ዕረፍት ያስፈልግሃል።»

በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እንደ ልማዱ ዳቦ ገዝቶ እታለም ቤት ሄደ። በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተችና በክፍተቱ ልክ ቆመች።

«ሽቦዬ፣ አትግባ።»

«ምነው?»

«ምነውን ታውቀዋለህ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ቃል እኮ ናት። ‹አምፄ ነበር› በልና ይልቀቁህ። ስንቱን ዋጥ አድርገን ኖረን የለ፣ ይሄ ምን ይከብዳል?»

«ያላደረግኩትን ልበል?»

«እኔ ያላደረግኩትን ስንቱን ነው ይቅርታ ስጠይቅ የኖርኩት?»

«እኔን ፈርተሽ ነው በር ላይ የምታቆሚኝ?»

«አንተን አይደለም የምፈራው።» ዳቦውን አየችው። ገና ትኩስ ነበር። «ይዘኸው ሂድ፣ እንዳይደርቅብህ» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ጓ አድርጋ ብትዘጋው ይሻለው ነበር። ቀስ ብሎ ከተዘጋ በር ኋላ የቆመ ሰው አለ፤ መተንፈሷ ይሰማዋል፤ ጆሮው እንደሁ ስጦታ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮው ሲነገር አጭር ነው፤ ሲኖሩት ግን አያልቅም። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት የዚያው ቤት አባል ስለሆነች ሱቁን ስታልፍ አንገቷን ወደ ማዶ ታዞራለች። ማዶ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው። እንዲያ ያለ የተወደደ ግድግዳ ሽቦ አይቶ አያውቅም። ስልኩ የሚጮኸው የስልክ ኩባንያው መልእክት ሲመጣ ብቻ ሆነ። አልፎ አልፎ አንድ እንግዳ ሰው ሬዲዮ ይዞለት ይመጣል፤ ሽቦ ግን የሬዲዮውን የጀርባ ስንጥቅ አይቶ የማን እንደሆነ ያውቃል። የዚያ ቤት አባል የሆነው ባለቤቱ በሰው እጅ ልኮት ነው። ምንም ሳይል ይጠግነዋል፣ አቧራውን ጠርጎ ይመልሰዋል። ሱቁ ውስጥ ዝምታው ሲከብደው የተጠገኑትን ሬዲዮዎች ሁሉ በተለያየ ጣቢያ ይከፍታቸዋል። አንዱ ስለ ኳስ፣ አንዱ ስለ ዝናብ፣ አንዱ ስለ ጥርስ ሳሙና ያወራል። ዞሮ ዞሮ ጨዋታ ነው። ብቻ ለእሱ መልስ የሚሰጠው የለም።

እሑድ ጠዋት ግን የሚሄድበት ቦታ ነበረው። ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ እሑድ የማይከፍት ፋርማሲ አለ። አዳራሹ ሲሞላ ለውጭ ሰው እንዲሰማ ብሎ እሱው ራሱ ከበሩ በላይ የሰቀለው የድምፅ ማጉያ በቀጥታ ወደ ፋርማሲው ግድግዳ ያያል። እዚያ ግድግዳ ተደግፎ እታለምን ይሰማታል። ድምፅዋን ከሁሉ መካከል ነጥሎ ያወጣዋል፤ ደህና መሆኗን፣ ጉንፋን መያዟን፣ በደንብ መተኛቷን ያውቃል። በእሱ ቦታ የተተካው ወጣት ቀጭኑን ድምፅ ከልክ በላይ ስለሚያወጣው መዝሙሩ ጆሮ ይበሳል። «ዝቅ አድርገው፣ ዝቅ» ይላል ሽቦ ለብቻው።

መንገድ ዳር የቆሙ መኪናዎችን የሚጠብቅ ሰውዬ አንድ ቀን ጠጋ አለው። «ወንድም፣ ሰው እየጠበቅክ ነው?»

«አይ፣ እያዳመጥኩ ነው።»

«ውስጥ እኮ ወንበር አለ። ለምን አትገባም?»

«ከውጭ ነው የሚሰማኝ» አለ ሽቦ።

ሰውዬው ትንሽ አሰበና «የእኔም ሚስት እንደዚሁ ናት» ብሎ ወደ መኪናዎቹ ተመለሰ።

ጋሼ የመጡት በዚህ መሃል ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ራሰ በራ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ትልቅ ሰው፣ በአንሶላ የተጠቀለለ ማጉያ እንደ ሕፃን አቅፈው በሱቁ በር በጎን ገቡ።

«ይሄ ልጅ ያለቅሳል» አሉ።

«መቼ ነው የሚያለቅሰው?»

«እኔ መናገር ስጀምር።»

«ሰው ሲዘምርስ?»

«ሲዘምሩ ደህና ነው። እኔን ብቻ ነው። ባለቤቴ ‹አስተያየቱን እየሰጠ ነው› ትላለች።»

ሽቦ ሳቀ። ሳቁ ለራሱ እንግዳ ሆነበት፤ ጉሮሮው ውስጥ አቧራ ሳይኖርበት አልቀረም። ጋሼ የአንዲት ትንሽ ጉባኤ መጋቢ ናቸው፤ ቀድሞ አስተማሪ ስለነበሩ ግን ሰው ሁሉ በማዕረጋቸው ሳይሆን ጋሼ እያለ ነው የሚጠራቸው። ማጉያው ተፈትሾ ምንም ሲታጣበት ሽቦ አዳራሹ ድረስ ሄዶ አየ። የጎማ መጋዘን የነበረ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ዛሬም ጎማ ጎማ ይሸታል። ስፒከሩን ከተናጋሪው ጀርባ አስቀምጠውት ስለነበር ማይኩ የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ ይጮኻል። ወደ ፊት አወጣው፤ ልቅሶው ቆመ። «በቃ?» አሉ ጋሼ። «በቃ።» «እኔ እኮ ስብከቴ መስሎኝ ሁለት ወር ሙሉ ሳሻሽል ነበር።»

እንዲህ እያለ ሽቦ እዚያ ቀረ። ጠዋት አዳራሹን የቴኳንዶ ልጆች ስለሚይዙት ጉባኤው የሚጀምረው ረፋዱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ሽቦ ፋርማሲው ግድግዳ ጋ ቆይቶ ይደርስበታል። የመስታወት ክፍል የለም። የኤሌክትሪኩ ማውጫ ያለው በጎን ግድግዳ ስለሆነ ጠረጴዛውን እዚያ አደረጉለት፤ ከዚያ ሰው የሚታየው በግማሽ ፊቱ ነው። ማንም ከየት እንደመጣ አልጠየቀውም። ሻይ ሲጠጡ ይጠሩታል፤ እሱ «መሣሪያው እንዳይሞቅ ልየው» ይልና ኬብል መጠቅለል ይጀምራል። የተጠቀለለውን ፈትቶ ይጠቀልላል። ሰው ሲወጣ ይወጣል።

ጋሼም ቢሆኑ መልአክ አልነበሩም። ይረፍዳሉ፣ ቃል ይገቡና ይረሳሉ፣ ሲዘምሩ ከዜማው ይወጣሉ፤ ሽቦ ማይካቸውን በመዝሙር ሰዓት ዝቅ ሲያደርገው ሕዝቡ በዓይኑ ያመሰግነዋል። አንድ ነገር ግን ነበራቸው። በየወሩ አንድ እሑድ ወንበሮቹ ዙሪያውን ይደረደራሉ፤ ጋሼ መሃል ይቀመጣሉ፤ ያልተመቸው ሰው እየተነሣ ይናገራቸዋል። ሽቦ ይህን ቀን አይወደውም።

እንዲያ ያለ አንድ እሑድ ልብስ ሰፊዋ ማይክ ያዘች። «ጋሼ፣ እናቴን መጥቼ እጠይቃለሁ ብለው ነበር። እናቴ ሁለቴ ፀጉሯን ተሠርታ ጠበቀችዎት። የባለ ፎቁ ልጅ ሲመረቅ ግን ፎቶው ላይ መሃል ነው ያሉት። እኔ የምለው…»

ቆርቆሮው ፀሐይ መቶታል፤ አዳራሹ እንደ ምድጃ ግሏል። ጋሼ እጃቸውን ሰደድ አድርገው የከረባታቸውን ቋጠሮ ነካ አደረጉ። የሽቦ ጣት ወረደ። ሳያስብ፣ ሳይወስን፣ ዓይንን ጨፍኖ እንደመክፈት። የልብስ ሰፊዋ አፍ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅዋ የለም።

ሰው ዞሮ አየው። ግማሽ የነበረው ፊት ሁሉ ሙሉ ፊት ሆነ። ሽቦ ጣቱን ከቁልፉ ማንሳት አቃተው። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ፣ የራሳቸውን ማይክ ይዘው አዳራሹን አቋርጠው ለሴትዮዋ ሰጧት። «በይ እቴ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪ። ከባዱን ቦታ እንዳትዘዪው።»

«ከባዱ የቱ ነው፣ ጋሼ?»

«ፎቶው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ሳትስቅ ሁሉንም ደገመችው፤ ፎቶው ላይ ስትደርስ ጨመረችበት እንጂ አልቀነሰችም። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነሽ። ፎቶ ላይ መቆም ደስ ይለኛል፤ አልዋሽሽም። ዛሬ ልምጣ?»

«ዛሬ ፀጉሯን አልተሠራችም።»

«እኔም አልተሠራሁም» አሉ ራሰ በራቸውን ዳሰስ አድርገው።

ሰው ከሄደ በኋላ ጋሼ ወንበር ስበው ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ። «መሣሪያው ነው ወይስ አንተ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምነው?»

«ከረባትዎን ነኩ።»

«ሞቆኝ እኮ ነው።»

ሽቦ ነገራቸው። ከሽማግሌው ጉልበት ጀምሮ እስከ ነርሷ፣ ከነርሷ እስከ እታለም በር። ሲነግራቸው እጁን እያየ ነበር፤ አደራ የተቀመጠበትን የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያይ። ጋሼ ጣልቃ አልገቡም። ሲጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው በከረባቱ ጫፍ ጠረጉት፤ ምን እንደያዙ ሲያዩ ለቀቁት።

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለሌላ ሰው እንዳትነግር አልልህም። ያቺ ሴት ስትናገር ልቤ ‹ምነው ዝም ባለች› ብሎ ነበር። የነካሁት ሞቆኝ ነው፤ ልቤ ግን ብሏል። ያንተ እጅ ሰምቶኛል። ስለዚህ ተጠንቀቅልኝ፤ ከእንግዲህ የፈለግኩትን ሁሉ እንዳታደርግልኝ።»

«ስለ እህቴስ ምን ላድርግ?»

«እኔ አላውቅም። ብነግርህ ልታደርገው ነው፤ እሱ ደግሞ ያስፈራኛል። አሁን ምን እያደረግክ ነው?»

«ፋርማሲው ጋ ቆሜ እሰማታለሁ።»

«እንግዲያው ስማት» አሉ ጋሼ።

በቀጣዩ እሑድ ያለ ከረባት መጡ። አንዲት አሮጊት «ጋሼ፣ ባለቤትዎ ከቤት አስወጣችዎት እንዴ?» አለች። «ገና ነው፣ ውጣልኝ ብላ እየለመነች ነው» አሉ፤ ሌላ ምንም አልተናገሩም፤ ወደ ሽቦም አላዩም። ሽቦ ያን ቀን ሻይ ጠጣ። ቆሞ ነው የጠጣው፣ በር አጠገብ፤ ግን ጠጣ።

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። አንድ እሑድ ጠዋት ፋርማሲው ግድግዳ ላይ ቆሞ ሳለ ከማጉያው የእታለም ድምፅ ወጣ። መዝሙር አልነበረም። እየተናገረች ነው። ሽቦ ጀርባውን ከግድግዳው አነሣ።

«የእኔ ምስክርነት ስለ ሳህን ነው» አለች። ወጣቱ ቀጭኑን ስላበዛው ድምፅዋን ጭራሽ የልጅ ድምፅ አስመስሎታል። «እሑድ እሑድ ለሁለት ሰው ነው የማቀርበው። እጄ ለምዶ ነው። አንደኛውን ሳህን ሳይበላበት አጥበዋለሁ። ወንድሜ ዕረፍት ላይ ነው ይባላል። እኔ ግን እሱ ካረፈ ወዲህ አንድ ቀን አላረፍኩም። እስከ መቼ…»

ማጉያው ጸጥ አለ። ከሩቅ የሚመጣ ቀጭን እዝዝታ ብቻ ቀረ።

መኪና ጠባቂው ቀና አለ። «ተበላሸ መሰለኝ።»

«አልተበላሸም» አለ ሽቦ። ጣቱ ላይ ተሰማው። መጋቢው የት ላይ ቆመው፣ በየትኛው እጃቸው እንደነኩት፣ ወጣቱ ምን ያህል እንደፈጠነ ያውቃል። ጥቂት ቆይቶ መዘምራኑ ጀመሩ። ወለሉ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከእስካሁኑ ሁሉ ረዘመበት። የጋሼ ጉባኤ እየደረሰ ነው፤ መሣሪያውን የሚከፍትላቸው እሱ ነው። አልሄደም። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ሰው እየጎረፈ ወጣ። እታለም መሃል ላይ ነበረች፤ በዙሪያዋ ግን በኖራ የተሠመረ ይመስል ማንም የማይረግጠው ክብ ቦታ አለ። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ አጠገቧ ስትደርስ አንገቷን አዞረች፤ እዚያ ግድግዳ እንኳን ስላልነበረ ሰማይ አየች።

ሽቦ መንገዱን ተሻገረ። ክቡ ውስጥ ገባ።

እታለም ቆመች። የእጅ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋዋለች። «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሳዳምጥ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«በሩን ከዘጋሽው ጀምሮ።»

ማዶ ያለውን ፋርማሲ፣ ግድግዳውን፣ ጀርባው የተደገፈበትን ያደፈ ቦታ አየች። ከዚያ፣ እንደ ድሮው ሳህን እያቀረበች ያለች ይመስል፣ «ታዲያ ዛሬ እንዴት ነበርኩ?» አለችው።

«እስከ ‹እስከ መቼ› ድረስ ጥሩ ነበርሽ።»

ልትስቅ ነበር፤ አልወጣላትም። «የቀረውን እዚህ አልነግርህም። ሰው ያየናል።»

ማንም አላያቸውም። ሁሉም ላለማየት እየተጠነቀቀ ነበር።

ክንዱን ያዘችውና መሄድ ጀመሩ። ከኋላቸው ማጉያው ማስታወቂያ መናገር ጀመረ፤ ድምፁ ስለታም ነው። «ያ ልጅ ጆሮ የለውም እንዴ?» አለች።

«ጆሮስ አለው፣ እታለም። ዞሮ የሚያየው ሰው ነው ያጣው።»

ጥግ ላይ ሲደርሱ ቆመችና ዞረች። ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከፍ ብሎ፣ የድምፅ ክፍሏ ትንሽ መስኮት ይታያል። እታለም በካውያ እንፋሎት የተላጠ እጇን አንሥታ ወደዚያ ወዘወዘች። መስታወቱ ፀሐይ ስላረፈበት ውስጡ ሰው ይኑር አይኑር አልታየም። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ቦርሳዋን ለሽቦ ሰጠችውና ወደ ቤቷ በሚወስደው መንገድ፣ የቀረውን ከመጀመሪያው ትነግረው ጀመር።